የግል እሴቶችን ለረጅም ርቀት ሩጫ ልምምድ ማዋል፦ ከደብተር እስከ ውድድር ቀን

ብዙ ሯጭ «ጽናት» ወይም «ተስፋ አልቆርጥም» የሚል ቃል መርጦ ስልኩ ላይ ይለጥፋል። ሁለት ሳምንት ያህል ይሠራል። በሦስተኛው ሳምንት ማለዳ ደወሉ ሲጮህ ቃሉ እንደተለጠፈ ነው፣ ሯጩም እንደተኛ። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል፤ «ጽናት» እያለ ያመመውን እግር እየጎተተ ይሮጥና ወራት ከልምምድ ይርቃል። የሁለቱም ችግር አንድ ነው። ቃሉ በየትኛው ልምምድ፣ በየትኛው ደቂቃ፣ በምን ድርጊት እንደሚገለጥ አልተወሰነም። መቼ «ግፋ»፣ መቼ «አቁም» እንደሚልም አልተጻፈም።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጁ ናቸው። በቅደም ተከተል ሥሩባቸው። ደረጃ 3ን ዘሎ ወደ ደረጃ 5 የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የሚያምር ዓረፍተ ነገር እንጂ የሚሠራ ነገር አይደለም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦

- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ መልእክት በገባ ቁጥር ሐሳባችሁ ይበተናል።
- ያለፉት 4 ሳምንታት የሩጫ መዝገብ። ሰዓታችሁ የመዘገበውም ይበቃል። ምንም መዝገብ ከሌላችሁ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ በተለይ የቀሩትን ልምምዶች።
- የሚቀጥሉት 4 ሳምንታት የልምምድ ዕቅድ።
- በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ። የመጀመሪያው ለደረጃ 1 እና 2፣ ሁለተኛው ከደረጃ 3 እስከ 5 ላለው ሥራ።

ከከባድ ልምምድ ወይም ከከሸፈ ውድድር በኋላ ወዲያው ለዚህ ሥራ አትቀመጡ። የደከመ ሰው የሚመርጠው እሴት ራሱን የሚቀጣበትን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ በዝግታ መሮጥ የማይችል ሰው መጀመሪያ በእርምጃና በሶምሶማ እያፈራረቀ እዚያ ይድረስ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከማንኛውም ዕቅድ በፊት ሐኪም ይይ።

## ደረጃ 1፦ እሴትን ከግብ ለዩ

በአብዛኛው ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። «እሴቴ ማራቶንን ከ4 ሰዓት በታች መግባት ነው» የሚል ሰው የተናገረው ግቡን ነው። ግብ ይደረስበታል ወይም ይከሽፋል፣ ከዚያ ያበቃል። እሴት ግን የአኗኗርና የአሠራር መንገድ ስለሆነ አያልቅም።

በደብተራችሁ አንድ ገጽ ላይ ከሩጫ የምትፈልጉትን ሁሉ ሳትመርጡ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄዎች አልፉበት፦

1. ይህ ነገር አንድ ቀን «ጨረስኩት» ሊባል ይችላል? አዎ ከሆነ ግብ ነው።
2. እግሬ ተጎድቶ መሮጥ ባልችል፣ ዛሬውኑ በ20 ደቂቃ ውስጥ ልፈጽመው እችላለሁ? አልችልም ከሆነ ግብ ነው፣ ወይም ገና በደንብ አልተገለጸም።
3. የሚፈጸመው በእኔ እጅ ነው ወይስ በተፎካካሪ፣ በአየር ጠባይና በዳኛ? በሌላ እጅ ከሆነ እሴት አይደለም።

ግቦቹን አትሰርዟቸው፤ ወደ ሌላ ገጽ አዛውሯቸው። ግብ የሌለው ዕቅድ አቅጣጫ ያጣል። እዚህ የምንፈልገው ግን ግቡ ገና 5 ወር ሲቀረው፣ ማንም በማያያችሁ ማክሰኞ ማለዳ የሚያስነሳችሁን ነገር ነው።

## ደረጃ 2፦ እሴቶቻችሁን ከኖራችሁት ሕይወት አውጡ

ከተዘጋጀ የእሴት ዝርዝር አትምረጡ። ዝርዝር ሲቀርብለት ሁሉም ሰው «ድፍረት»ን ይመርጣል፤ ለጆሮ ያምራልና። በዚህ ፈንታ የሚከተሉትን መልሱ፤ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይበቃል፦

1. ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ደክሟችሁ፣ ማንም ሳያያችሁ የሠራችሁትና ዛሬም ደስ የሚላችሁ ነገር ምንድን ነው? ከሩጫ ውጭም ሊሆን ይችላል።
2. ሌላ ሰው ምን ሲያደርግ ስታዩ ከልባችሁ ትበሳጫላችሁ? ቃሉን የሚያጥፍ ሰው የሚያበሳጨው፣ ቃል ማክበር ትልቅ ቦታ ያለው ሰው ነው።
3. የምታከብሩትን አንድ ሯጭ ወይም የልምምድ ጓደኛ አስቡ። ሰዓቱን ትታችሁ በሥራ የሚያሳየውን ጠባይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
4. የሩጫ ውጤታችሁን ማንም እንደማያውቅ፣ ፎቶም ሜዳሊያም እንደሌለ አድርጋችሁ አስቡ። መሮጣችሁን የምትቀጥሉት ለምንድን ነው?

ከመልሶቹ ውስጥ እየተደጋገሙ የሚመጡትን ሐሳቦች አስምሩባቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ይወጣሉ። ከዚያ ሁለት ሁለቱን አወዳድሩ፦ «ሁለቱ ቢጋጩብኝ የትኛውን እይዛለሁ?» የተሸነፈውን እያወጣችሁ ሦስት እስኪቀሩ ቀጥሉ። ከሦስቱም አንዱን መሪ አድርጉ።

ከሦስት በላይ አትያዙ። በ32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አምስት ነገር የሚያስታውስ ሰው የለም።

ይህ ደረጃ ሲበላሽ፦ ሦስቱም እሴቶች ራስን የመግፋት ጠባይ ካላቸው (ጽናት፣ ትጋት፣ ጥንካሬ) አንዱን አንሱና ወደ መልሶቻችሁ ተመለሱ። ቢያንስ አንዱ የሚያረጋጋ ወይም የሚጠብቅ መሆን አለበት፦ ትዕግሥት፣ ልከኝነት፣ ሰውነትን ማክበር፣ አብሮነት፣ መማር። ሦስቱም ነዳጅ ሆነው ፍሬን ከጠፋ ጉዳቱ ይመጣል።

## ደረጃ 3፦ ቃሉን ወደሚታይ ድርጊት ለውጡ

እያንዳንዱን እሴት በየራሱ ገጽ ላይ አስፍሩ። ገጹን ከመሐል በመስመር ክፈሉት፤ በቀኝ «ሲገፋኝ»፣ በግራ «ሲያስቆመኝ» ብላችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ሁለት ድርጊት ያስፈልጋል። ድርጊቱ ሌላ ሰው ቆሞ ቢያያችሁ «አደረገው» ወይም «አላደረገውም» ሊል የሚችልበት ይሁን። «ጠንካራ መሆን» አይታይም። «800 ሜትር ደጋግሜ ስሮጥ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው በ3 ሰከንድ ልዩነት ውስጥ መጨረስ» ይታያል።

ታማኝነትን እንይ፤ ቀላል መስሎ በሩጫ ውስጥ በጣም የሚፈተን እሴት ነውና። ዕቅዱ ለዛሬ ቀላል 8 ኪሎ ሜትር ይላል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ከጓደኛችሁ ጋር ወጥታችኋል። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጓደኛችሁ ሳይናገር ግማሽ እርምጃ ቀደም ማለት ይጀምራል፤ እናንተም ሳይታወቃችሁ ትከተላላችሁ። ሰዓታችሁ 5 ደቂቃ ከ35 ያሳያል። ወሬውም ቀስ በቀስ ወደ አንድ ቃል መልስ ያጥራል። ታማኝነት የሚገለጠው እዚያ ላይ ነው፦ «እኔ ዛሬ ቀላል ነው ያለኝ፣ አንተ ቀጥል» ብሎ መቅረት። ከባድ ነው፤ ሰው እንደ ደካማ ያየኛል የሚል ስሜት ይመጣል። ያንን ማክሰኞ በ5፡35 የሮጠ ሰው ግን ረቡዕ ለፈጣኑ ልምምድ እግር አይኖረውም፤ ምክንያቱንም አያውቀውም።

ስለዚህ የታማኝነት ገጽ እንዲህ ሊሞላ ይችላል፦

- ሲገፋኝ፦ ፈጣን ልምምድ ላይ የታዘዘውን ድግግሞሽ (በመሐል እያረፉ በፍጥነት ደጋግሞ የሚሮጥ አጭር ርቀት) ሁሉ እሠራለሁ፤ አንዱን ትቼ «ጨረስኩ» አልልም። የተሮጠውን እንደተሮጠ እጽፋለሁ።
- ሲያስቆመኝ፦ በቀላል ሩጫ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልቆራርጥ መናገር ካቃተኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ሕመም ካለኝ ለአሰልጣኜ በዚያው ቀን እናገራለሁ።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ትዕግሥት የረጅም ሩጫን የመጀመሪያ ሲሶ በዝግታ መሮጥ ነው። አብሮነት በቀጠሮ ሰዓት መድረስና አዲስ ሯጭን ወደኋላ ጥሎ አለመሄድ ነው። መማር ከእያንዳንዱ ፈጣን ልምምድ በኋላ አንድ የታዘባችሁትን ነገር መጻፍ ነው። ለእናንተ ግን የራሳችሁን ጻፉ፤ የተዋሰ ድርጊት ቶሎ ይረሳል።

## ደረጃ 4፦ እሴቱን ከሳምንቱ ዕቅድ ጋር አገናኙ

ለእያንዳንዱ ልምምድ አንድ እሴት ብቻ መድቡ። በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው አንድ ምሳሌ (አምስት እሴት የተጠቀሰው የተለያዩትን ለማሳየት ነው፤ እናንተ የመረጣችኋቸውን ሦስቱን ብቻ አከፋፍሉ)፦

- ሰኞ፦ ዕረፍት።
- ማክሰኞ፦ ቀላል 8 ኪ.ሜ. እሴት፦ ታማኝነት (የፍጥነት ጣሪያን ማክበር)።
- ረቡዕ፦ በድምሩ 9 ኪ.ሜ. 2 ኪ.ሜ ሰውነት ማሟሟቂያ፣ 800 ሜትር 5 ጊዜ፣ በየመካከሉ 400 ሜትር ሶምሶማ፣ መጨረሻ ላይ 1.4 ኪ.ሜ ማብረጃ። እሴት፦ ትጋት (ሁሉንም ድግግሞሽ መጨረስ)።
- ሐሙስ፦ ቀላል 6 ኪ.ሜ. እሴት፦ ሰውነትን ማክበር።
- ዓርብ፦ ዕረፍት።
- ቅዳሜ፦ ቀላል 5 ኪ.ሜ. እሴት፦ አብሮነት።
- እሑድ፦ ረጅም ሩጫ 12 ኪ.ሜ. እሴት፦ ትዕግሥት።

ከ40ው ኪሎ ሜትር በፍጥነት የሚሮጠው 4ቱ ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ። የረጅም ርቀት ልምምድ ትልቁ ክፍል ዝግ ያለ ሩጫ ነው። ለዚህም ነው የሚያረጋጋው እሴት ከሚገፋው የበለጠ ቀናት የሚይዘው። የእናንተ ሳምንት ገፊ እሴት አራት ቀን ላይ ካለበት፣ ዕቅዱ ራሱ ከባድ ቀን አብዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ተመልከቱት።

የዕረፍት ቀንም እሴት ይመደብለት። ለሰኞ «ሰውነትን ማክበር፦ ከ7 ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ዕረፍቱ የቀረ ልምምድ መምሰሉ ቀርቶ የዕቅዱ አካል ይሆናል።

ሌላም አንድ ነገር። ፈጣኑን ልምምድ አእምሮ ከሚያደክም ሥራ በኋላ አታድርጉት። ተመራማሪው ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ለ90 ደቂቃ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ብስክሌት ሲነዱ ካልሠሩበት ቀን ቀድመው አቁመዋል። ልባቸውና ጡንቻቸው ላይ ይህን የሚያስረዳ ለውጥ አልታየም፤ ጥረቱ ግን ከብዶ ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ ረቡዕ ሁልጊዜ ስብሰባና ፈተና የሚበዛበት ቀን ከሆነባችሁ ልምምዱን ወደ ማለዳ ወይም ወደ ሌላ ቀን አዛውሩ። «ትጋት ጎደለኝ» ብሎ ራስን መውቀስ እዚህ ቦታ የለውም።

## ደረጃ 5፦ «ከሆነ፣ አደርጋለሁ» ብላችሁ ጻፉ

በጎ ሐሳብ የሚፈርሰው በውሳኔ ሰዓት ነው። ስለዚህ ውሳኔውን አስቀድማችሁ ጨርሱት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠናው ዘዴ ቀላል ነው፦ አንድ ሁኔታን ከአንድ ድርጊት ጋር በ«ከሆነ» ማሰር።

አጻጻፉ፦

1. ሁኔታው ዓይን የሚያየው፣ ጆሮ የሚሰማው ወይም ሰዓት የሚያሳየው ይሁን። «ስንፍና ከተሰማኝ» አይሠራም። «ደወሉ ጮኾ እጄ ወደ ማጥፊያው ከሄደ» ይሠራል።
2. ድርጊቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚጀመር ይሁን።
3. መጨረሻው ላይ እሴቱን በአንድ ቃል ጨምሩ።

ምሳሌዎች፦

- «ደወሉ ጮኾ መተኛት ካሰኘኝ፣ ቁጭ ብዬ እግሬን መሬት አስነካለሁ፤ ጫማዬን አጥልቄ 10 ደቂቃ ሶምሶማ እሮጣለሁ። መቀጠል አለመቀጠሌን የምወስነው ከዚያ በኋላ ነው። ትጋት።»
- «ዝናብ ከሆነ፣ ኮፍያ አድርጌ ያንኑ ርቀት በቀላል እሮጣለሁ። መብረቅ ካለ ሩጫውን አዛውራለሁ። ልከኝነት።»
- «ጓደኛዬ በቀላል ቀን ከጣሪያዬ ካለፈ፣ ‹ቀጥል› እለዋለሁ። ታማኝነት።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያው ወር ይበቃል። ማታ የሩጫ ልብሳችሁን ስታዘጋጁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንዴ አንብቧቸው።

ይህ ደረጃ ሲበላሽ፦ 10 ደቂቃ ሮጣችሁ ተመልሳችሁ ከሆነ ውድቀት አይደለም፤ ደንቡ ተፈጽሟል። ይህ ግን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ጉዳዩ የፈቃድ ማነስ ላይሆን ይችላል። እንቅልፍን፣ ምግብንና ከእንቅልፍ ስትነሱ ያለውን የልብ ምት አረጋግጡ። ማለዳ የልብ ምታችሁ ለበርካታ ቀናት ከወትሮው ከፍ ብሎ ከቆየ፣ ድካም ተከማችቶ ወይም ሕመም እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ ልምምዱን አቅሉት።

## ደረጃ 6፦ ሩጫው ሲከብድ በቅደም ተከተል የምታደርጉት

ፈጣን ልምምድ በብዛት የሚከብደው ከግማሽ አልፎ፣ መጨረሻው ገና ሳይታይ ነው። ከ5ቱ ድግግሞሽ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ማለት ነው። እዚያ ላይ ይህን ቅደም ተከተል ተከተሉ፤ ሁሉም ከ15 ሰከንድ አይበልጥም፦

1. ሰውነትን ፈትሹ። ይህ ድካም ነው ወይስ ሕመም? ድካም በሁለቱም እግር፣ በሰፊው፣ በትንፋሽና በጡንቻ ይሰማል፤ ፍጥነት ሲቀንስም ይቀላል። ጣት ሊነካው የሚችል አንድ ነጥብ ላይ ያረፈ፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለ፣ አረማመድን የሚለውጥ ከሆነ ሕመም ነው። ሕመም ከሆነ አቁሙ፤ ወደ ተራ ቁጥር 2 አትሂዱ።
2. በረጅሙ አስተንፍሱ። ትከሻችሁን ከጆሯችሁ አርቁ። ጡጫችሁን ፍቱ።
3. አንድ ቃል በሉ። ከእሴታችሁ የወጣ፣ ከእግር ምት ጋር የሚሄድ አጭር ቃል ይሁን፦ «በልክ»፣ «ቃሌ ነው»፣ «ገና ነኝ»። ራሳችሁን የሚሰድብ ቃል አትጠቀሙ።
4. ርቀቱን ቁረጡት። እስከ ቀጣዩ 200 ሜትር ብቻ። እዚያ ስትደርሱ እንደገና ከተራ ቁጥር 1 ጀምሩ።

ቃሉን መጀመሪያ በቀላሉ ቀን ተለማመዱት። ውድድር ቀን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለ ቃል ባዶ ድምፅ ነው። ከ5 ወይም ከ6 ፈጣን ልምምድ በኋላም ምንም ካልረዳችሁ ቃሉን ቀይሩ እንጂ እሴቱን አትቀይሩ።

ወዲያው የምታቆሙባቸው ምልክቶች፦ የደረት ሕመም ወይም ጫና፣ ያልተለመደ የትንፋሽ እጥረት፣ ራስ ማዞር፣ መፍዘዝና ግራ መጋባት፣ በኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለት። እነዚህ ሲመጡ ቁሙ፣ አጠገባችሁ ላለ ሰው ተናገሩ፣ አስቸኳይ ሕክምና ፈልጉ። ትኩሳት ያለው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም አይወጣም።

## ደረጃ 7፦ ፍሬኑን በጽሑፍ አስቀምጡ

ከሁሉም ደረጃ ይህኛው ቢዘለል ጉዳቱ ይከፋል። በሯጮች ዘንድ ጽናት ትልቅ ክብር ስላለው፣ ማቆም ያለበት ሰው እሴቱን እንደከዳ ይቆጥራል። ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ደግሞ ይህን ይጠብቃል። መጀመሪያ ሩጫው ሲያልቅ ብቻ ያማል። ቀጥሎ በሩጫው መሐል ይመጣል። ከዚያ በእርምጃም፣ በመጨረሻ ተኝታችሁም ያማል። በመጀመሪያው ምልክት ያረፈ ሰው በአጭር ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ተጎትቶ እስከ መጨረሻው የሄደ ግን ሳምንታትን፣ አንዳንዴ ወራትን ይከፍላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ደብተራችሁ ላይ ይህን ደንብ በራሳችሁ ቃል ገልብጡት፦

- ሕመሙ ከ10 ውስጥ እስከ 2 ሆኖ በማሟሟቂያው ጊዜ ከጠፋ፣ ቀላል ሩጫ ብቻ እሮጣለሁ።
- 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እየሮጥኩ ከጨመረ ወይም እንዳነክስ ካደረገኝ፣ በእግሬ እየሄድኩ እመለሳለሁ።
- አጥንት ላይ በአንድ ጣት የሚነካ ሕመም ካለ፣ ወይም ሌሊት ካመመኝ፣ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳያየኝ አልሮጥም።
- የቀረ ልምምድ አላካክስም። አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቀረ ዕቅዱን ካለበት እቀጥላለሁ። ሙሉ ሳምንት በሕመም ከቀረ፣ በቀላል ሩጫ ብቻ፣ ከወትሮው ኪሎ ሜትር 60 በመቶ ገደማ ይዤ እጀምራለሁ።

በደንቡ ሥር የሚያረጋጋውን እሴታችሁን ጻፉና ፈርሙበት። አሰልጣኝ ወይም የልምምድ ጓደኛ ካላችሁ ቅጂውን ስጡት። «ዛሬ አቁም» የሚላችሁ ሰው በራሳችሁ ቃል ሲናገር መከራከር ያስቸግራል።

ተጎድታችሁ በምታርፉበት ጊዜም ሦስቱን እሴቶች በሌላ ድርጊት ቀጥሉባቸው። ትጋት የታዘዘውን የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ሳያጓድሉ መሥራት፣ አብሮነት የጓደኞችን ልምምድ ሰዓት መያዝ ሊሆን ይችላል። ሯጭነቱ የሚቋረጠው በእግር ብቻ መሆኑን የምታረጋግጡት እንዲህ ነው።

## ደረጃ 8፦ መዝግቡ፣ በሳምንት አንዴም ገምግሙ

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ፣ ሻወር ከመግባታችሁ በፊት 3 ደቂቃ ጻፉ፦

1. ርቀትና ደቂቃ።
2. የጥረት መጠን ከ0 እስከ 10። ይህን በደቂቃው አባዙት። 50 ደቂቃ በጥረት 3 ሲሆን 150 ይሆናል፤ 55 ደቂቃ በጥረት 7 ሲሆን 385። የሳምንቱ ድምር ሸክማችሁን ያሳያል።
3. የሌሊቱ እንቅልፍ በሰዓት።
4. ሕመም፦ የት፣ ከ10 ስንት።
5. የዕለቱ እሴት፦ አልተፈጸመም 0፣ በከፊል 1፣ ተፈጸመ 2። ከቁጥሩ አጠገብ ማስረጃውን በአንድ መስመር።

ማስረጃ የሌለው 2 አይቆጠርም። «ጥሩ ነበር» ማስረጃ አይደለም። «4ኛ ኪሎ ሜትር ላይ ቀረሁ፣ በ6፡20 ጨረስኩ» ማስረጃ ነው። ሰዓታችሁ መጥፎ ሆኖ እሴቱ 2 ሊያገኝ፣ ሰዓቱ ግሩም ሆኖ 0 ሊያገኝ ይችላል። በቀላል ቀን የተመዘገበ ግሩም ሰዓት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

እሑድ ማታ 15 ደቂቃ ወስዳችሁ ገጾቹን አገላብጡ። የሳምንቱ ሸክም ካለፈው ሳምንት በብዙ ዘሎ ከሆነ የሚቀጥለውን አቅሉ። አንድ እሴት ሦስት ሳምንት በተከታታይ 0 ካገኘ፣ ድርጊቱ ከአቅም በላይ ነው ወይም እሴቱ የእናንተ አይደለም። መጀመሪያ ድርጊቱን በግማሽ አሳንሱት። ያም ካልሠራ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

## ደረጃ 9፦ የውድድር ሳምንታትና ቀኑ

ማራቶን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሳምንቱን ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 60 በመቶ ቀንሱ፤ አጭር ፈጣን ሩጫ ግን አትተዉ። በዚህ ጊዜ እግር ይከብዳል፣ ሰው ይነጫነጫል፣ «አቅሜ እየጠፋ ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አዲስ ልምምድ አትጨምሩ። በእነዚህ 14 ቀናት የሚመራችሁ የሚያረጋጋው እሴት ነው።

በውድድሩ ቀን 42.195 ኪሎ ሜትሩን ለሦስቱ እሴቶች አካፍሉት፦

- እስከ 10 ኪ.ሜ፣ ትዕግሥት። ማራቶንን በ4 ሰዓት ለመጨረስ አማካዩ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በ5፡50 ብትሮጧቸው የምታጡት 45 ሰከንድ ብቻ ነው። በ5፡15 የጀመረ ሰው ግን መጨረሻ ላይ በደቂቃዎች ሊከፍል ይችላል።
- ከ10 እስከ 30 ኪ.ሜ፣ ታማኝነት። በልምምድ የሞከራችሁትን ብቻ ብሉ፣ ጠጡ። ካርቦሃይድሬት በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም፣ ሳይርባችሁ ጀምራችሁ። ውኃ ከጥማት በላይ አትጠጡ፤ ከመጠን ያለፈ ውኃ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ለአደጋ ያጋልጣል።
- ከ30 በኋላ፣ ትጋት። በጡንቻ የተከማቸው ስኳር የሚመናመነው እዚህ አካባቢ ነው። የደረጃ 6ን ቅደም ተከተል በየኪሎ ሜትሩ ድገሙት።

የሦስቱን ቃላት የመጀመሪያ ፊደል እጃችሁ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ይረዳል። ሲደክም ማስታወስ ያቅታል፤ ማየት ግን ይቻላል።

## ነገሩ ሲበላሽ

ቃሉ ባዶ ሆነብኝ። ከደጋገማችሁት ድርጊት ጋር ስላልተያያዘ ነው። ደረጃ 3ን ክፈቱና ዛሬ ማታ ልትፈጽሙት የምትችሉትን ትንሹን ድርጊት ምረጡ።

ሩጫና ቤተሰብ ተጋጩብኝ። ይህ በጣም የሚያጋጥም ነው፤ በጉልበት አይፈታም። ሁለቱም እሴቶች እውነተኛ ናቸውና አንዱን «ሰበብ» አትበሉት። ሳምንቱ ሳይጀምር ከቤተሰብ ጋር ተቀመጡና የማይነኩ ሁለት ልምምዶችን ተስማሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙና ፈጣኑ ይሆናሉ። ለቀሩት «ትንሹ ልምምድ» የሚባል ወስኑ፦ 25 ደቂቃ ቀላል ሩጫ። ልጅ ቢታመም፣ እንግዳ ቢመጣ ወደ ትንሹ ልምምድ ትወርዳላችሁ፤ እሱም ካልሆነ ቀኑ ዕረፍት ይሆናል። የማይነኩት ሁለቱ ወር ሙሉ ከተነኩ፣ መቀየር ያለበት ዕቅዱ ወይም የውድድሩ ቀን ነው።

የአሰልጣኜ መንገድ ከእሴቴ ጋር አይሄድም። ስለ እሴት አትከራከሩ፤ መዝገባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ባለፉት 4 ሳምንታት በቀላል ቀን ጥረቴ 6 ነበር፣ እንቅልፌ 5 ሰዓት፣ ጉልበቴን ከ10 ውስጥ 3 ያመኛል» ለሚል ሯጭ ጥሩ አሰልጣኝ ዕቅድ ያስተካክላል። ሕመምን ደብቆ መሮጥን የሚያዝ ከሆነ ግን ሌላ አሰልጣኝ ፈልጉ።

ውድድሩ አልቆ ፍላጎቴ ጠፋ። ከማራቶን በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት አትሩጡ፤ ቀጣዩን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በቀላል ብቻ አሳልፉ። አዲስ ግብ በዚህ ጊዜ አትያዙ። የደረጃ 2ን አራተኛ ጥያቄ እንደገና መልሱ፤ መልሱ ከበፊቱ የተለየ ከሆነ ሦስቱን እሴቶች ከዚያ አንጻር አስተካክሉና የሚቀጥለውን የ4 ሳምንት ዕቅድ አውጡ።